መድኃኒት በዐይን ፊት፤ የሱስ ሕክምና ሥርዐት ታሪክና የአርሲ ልምድ

መግቢያ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ቆላውን ትቶ የአርሲን ደጋ ከመያዙ በፊት በዴራ ያልፋል። ዴራ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ ኢተያና ጎንዴ አሉ፤ ከዚያም አሰላ ይደረሳል። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ረዥም ሕክምና የሚያስፈልገው በሽታ ሲይዘው የሚያጋጥመው ችግር የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን በየቀኑ እየተመላለሰ ከነርስ ፊት ይዋጥ ወይስ ወደ ቤቱ ይዞ ይሂድ? ቢቀርስ፤ ቢያጠፋስ፤ የተከለከለውን ቢያደርግስ ምን ይባላል? እነዚህ ጥያቄዎች ከመድኃኒቱ ያላነሰ ክብደት አላቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ በአንድ ልዩ በሽታ፤ ማለት ከኦፒየም ወገን በሆኑት መድኃኒቶች ሱስ ሕክምና ላይ፤ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተመለሰ ማሳየት ነው። ሐኪሞች የሕመምተኛውን ጠባይ ለመግራት መጀመሪያ ሕግንና ፖሊስን፤ ቀጥሎ የክሊኒኩን መስኮት፤ በመጨረሻም ውልንና መተማመንን መሣሪያ አድርገዋል። በዚሁ አጋጣሚ አርሲ በሌላ በሽታ ሕክምና ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላት የራሷን ትምህርት ያገኘች አገር ስለ ሆነች ሁለቱን ታሪኮች ጐን ለጐን እናቀርባለን። ዘመናቱ ሁሉ፤ ካልተለየ በቀር፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የነገሩ መሠረት

ሱስ ሲባል በአገራችን መጀመሪያ የሚታሰበው ጫት፤ መጠጥና ትምባሆ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሞርፊን፤ ስለ ሄሮይን፤ ስለ ፔቲዲን፤ ስለ ኮዴይንና ስለ ትራማዶል ነው። እነዚህ ሁሉ ሥቃይን የሚያስታግሡ ናቸው፤ ከሄሮይን በቀር ሌሎቹን የሆስፒታል ሐኪም በየጊዜው ያዝዛቸዋል። ነገር ግን ሰውነት ከለመዳቸው በኋላ ሲቋረጡ ሰውየው ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሆዱን ያመዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። መጠናቸው ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽን ያቆማሉ።

ለዚህ በሽታ ከታወቁት ሕክምናዎች ዋነኞቹ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። አንደኛው ሜታዶን ነው፤ በአፍ ይወሰዳል፤ ኀይሉም ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቈያል። ሁለተኛው ቡፕሬኖርፊን ነው፤ ከምላስ ሥር ይሟሟል፤ መጠኑ ከአንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ ኀይሉ ብዙ ስለማይጨምር ከሜታዶን ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2005 ሁለቱንም ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቶቹ ራሳቸው ከዚያው ወገን ናቸው። ሕመምተኛው ቢሸጣቸው ገዢ ያገኛል፤ በቤት ውስጥ ያልተቈለፈበት ሜታዶን ሕፃን ቢጠጣው ይገድለዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ማዳን የሚፈልገውን ሰው እንዲጠብቅም ይገደዳል። ሐኪምም ዘበኛም መሆን እንዴት ይቻላል? የዚህ ሕክምና ታሪክ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

፪. ሕግ የሐኪምን ቦታ የያዘበት ዘመን

በአሜሪካ አገር በ1914 ሀሪሰን የተባለው ሕግ ወጣ። ሕጉ የወጣው የኦፒየምንና የኮካን ንግድ ለመመዝገብና ቀረጥ ለማስከፈል ነበር። በ1919 ግን የበላይ ፍርድ ቤቱ ሐኪም ለሱሰኛ ልማዱን ለማቈየት ብቻ የሚጽፈው ማዘዣ እንደ ሕክምና ማዘዣ እንደማይቈጠር ፈረደ። በዚያው ጊዜ በልዩ ልዩ ከተሞች ለሱሰኞች ሞርፊን የሚሰጡ የሕዝብ ክሊኒኮች ተከፍተው ነበር። ከእነዚህም ሥርዐቱ የተጠበቀ ነበር ተብሎ የሚጠቀሰው በሉዊዚያና፤ በሽሪቭፖርት ከተማ፤ ዶክቶር ዊሊስ በትለር ያስተዳድሩት የነበረው ነው። እርሱም በ1923 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሱሰኛን የሚያክም ሐኪም ፈቃዱን፤ አልፎም ነጻነቱን ለአደጋ ያጋልጥ ነበር።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ያዙ። በ1926 በሰር ሀምፍሪ ሮልስተን ሊቀ መንበርነት የተሰበሰበው ኮሚቴ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት ሥራውንና ኑሮውን መምራት የማይችል፤ በትንሽ መጠን ሲሰጠው ግን በደኅና የሚኖር ሰው ካለ፤ ሐኪም ለእርሱ መድኃኒቱን ማዘዙ ተገቢ ሕክምና ነው ሲል ወሰነ። አንዱ በሽታ በአንዱ አገር ወንጀል፤ በሌላው አገር የሐኪም ጕዳይ ሆነ ማለት ነው።

አሜሪካኖች በ1935 በኬንታኪ፤ በሌክሲንግተን ትልቅ ተቋም ከፈቱ። እስረኞችም በፈቃዳቸው የመጡም በአንድነት ይታከሙበት ነበር። እርሻና ልዩ ልዩ የእጅ ሥራም ነበረው። በግቢው ውስጥ ሳሉ ሰዎቹ ከመድኃኒቱ ተለዩ፤ በጠባያቸውም የተመሰገኑ ብዙዎች ነበሩ። ወደ ከተማቸው ሲመለሱ ግን አብዛኞቹ ወደ ቀድሞው ልማዳቸው ተመለሱ። ከዚህ የምንማረው በቅጥር ውስጥ የተገኘ መልካም ጠባይ ለውጭ ኑሮ ዋስትና እንደማይሆን ነው።

በአገራችንም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ510ኛው አንቀጽ፤ በኋላም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ ስለ አደንዛዥ ዕፆችና መድኃኒቶች ደንግገዋል። ሕጉ ንግዱን ለመቅጣት አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ሆኖም በሽታው ከወንጀል ጋራ በአንድ ስም ሲጠራ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ከመሄድ ይልቅ መደበቅን ይመርጣል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ስለዚህ በሽተኛውን እንዲደብቅ የሚያደርግ ማናቸውም ሥርዐት፤ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፤ ሕክምናን ያሰናክላል።

፫. የኒው ዮርክ መስኮት

በ1964 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ዶክቶር ቪንሰንት ዶልና ዶክቶር ማሪ ናይስዋንደር አዲስ ሙከራ ጀመሩ። ዶክቶር ናይስዋንደር ቀደም ብለው በሌክሲንግተን ሠርተው ስለ ነበር የቅጥሩን ሕክምና ውጤት ያውቁታል። ሁለቱ ሐኪሞች በ1965 ስለ 22 ሕመምተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ፤ ሜታዶን በየቀኑ በበቂ መጠን ሲሰጥ የሄሮይንን ረኀብ እንደሚያጠፋ፤ ሰውየውም ሄሮይን ቢወስድ እንኳ ደስታ እንዳይሰማው እንደሚያደርግ አስታወቁ። ከሕመምተኞቹም ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሥራቸው የተመለሱ፤ ከቤተ ሰቦቻቸውም ጋራ የታረቁ ነበሩ።

የጠባይ ሥርዐቱም የተደራጀው በዚሁ ጊዜ ነው። ሰውየው መጀመሪያ በሆስፒታል ተኝቶ መጠኑ ይስተካከልለታል፤ ቀጥሎ በየቀኑ እየመጣ በፍራፍሬ ጭማቂ የተበጠበጠውን መድኃኒት ከነርስ ፊት ይጠጣል፤ ሽንቱም ይመረመራል። እያደር ጠባዩ ሲታወቅ የጥቂት ቀን መድኃኒት ወደ ቤቱ ይዞ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። በ1972 የወጣው የመንግሥት ደንብ ይህን ሥርዐት በአገሩ ሁሉ ላይ ጫነው። በመጀመሪያ እንደ ሐኪም ጥንቃቄ የተጀመረው ነገር በጊዜ ብዛት የመስኮት፤ የሰልፍና የዘበኛ ሥርዐት ሆነ። ሥራ የያዘው ሰው በሥራ ሰዓት ይሰለፋል፤ ከከተማ ርቆ የሚኖረው ደግሞ ወይ ሕክምናውን ወይ መንደሩን መልቀቅ ግድ ሆነበት። በዚህም ምክንያት ሥርዐቱ ይጠቅመው ዘንድ የታሰበውን ሰው ያርቀው ጀመር።

ይህ ችግር ለአፍሪካም እንግዳ አይደለም። ታንዛንያ በ2011 በዳሬሰላም በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፤ ኬንያ በ2014 በናይሮቢ የሜታዶን ሕክምና ጀምረዋል። በየቀኑ መመላለስ የሚጠይቅ ሕክምና የአውቶቡስ መክፈያ ለሌለው ሰው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

፬. የአርሲ ልምድ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሐኪም መድኃኒት ሲዋጥ ቆሞ ማየት የጀመረው ለሱሰኞች ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሕንድ አገር በማድራስ የተደረገው ጥናት፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች በቤታቸው ሆነው መድኃኒቱን ቢወስዱ በሆስፒታል ከተኙት የማያንስ ውጤት እንደሚያገኙ አሳየ። ይህም ቅጥሩን አፈረሰው፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ ይኸውም በቤቱ ያለው ሰው መድኃኒቱን በእርግጥ መዋጡን ማን ያውቃል? የሚል ነው። ለዚህ የተገኘው መልስ ሕመምተኛው በሌላ ሰው ዐይን ፊት እንዲውጥ ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ሥርዐት በ1992 ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ አርሲ፤ ሌላው ቡግና ነበር። ስለዚህ የአርሲ ነርሶችና የጤና ረዳቶች ሕመምተኛን በየቀኑ የመጠበቅን ሥራ ከማንም አስቀድመው የተለማመዱ ናቸው። እንግዲህ ምን ተማሩ? በአርሲ ሦስት ወረዳዎች ሕክምናቸውን ስላቋረጡ ሕመምተኞች የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት ምክንያቶቹን ያሳየናል። ሕክምናውን ከሚያስቋርጡት ነገሮች ዋነኞቹ የጤና ጣቢያው ርቀት፤ የመድኃኒቱ ሌላ ጕዳት፤ ስለ ሕክምናው በቂ ዕውቀት አለመኖር፤ የቤተ ሰብም ድጋፍ ማጣት ሆነው ተገኙ።

ይህን ዝርዝር ልብ ብለን እንመልከተው። ከአራቱ ውስጥ «ክፉ ጠባይ» የሚባል የለም። በመዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው አንዱ መንገዱ ርቆበት፤ አንዱ መድኃኒቱ አቅለሽልሾት፤ አንዱ ሳሉ ሲተወው የዳነ መስሎት፤ አንዱም አይዞህ የሚለው አጥቶ የቀረ ነው። ቅጣት ከእነዚህ አንዱን እንኳ አያቃናም። መንገድን ማሳጠር፤ መጠንን ማስተካከል፤ ማስረዳትና ዘመድን መጥራት ግን ያቃናቸዋል።

ከሰሜንም ሌላ ምሳሌ አለን። በደቡብ ጎንደር፤ በእስቴ ወረዳ፤ በአንድ ቀን መድኃኒት ለመቀበል የሚመጡ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ከየአካባቢያቸው እየተሰበሰቡ ማኅበር አቋቋሙ፤ መሪም መረጡ። አንዱ ሲቀር ሌላው ይጠይቀዋል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያበረታታዋል። በ2000 እና በ2003 የታተሙት ጥናቶች እንደሚያስረዱት በእነዚህ ማኅበራት ሕክምናቸውን የሚፈጽሙ ሰዎች በዝተዋል፤ በሽታውን የሚያሳፍር አድርጎ ማየትም ቀንሷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ከነርሷ ዐይን ይልቅ የጓደኛ ዐይን ሩቅ ይደርሳል።

፭. ከመስኮቱ ወደ ሐኪሙ ቢሮ

የሱስ ሕክምናም ዘግይቶ ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሷል። ፈረንሳይ ከ1996 ጀምሮ ማናቸውም ጠቅላላ ሐኪም ቡፕሬኖርፊንን በቢሮው ሆኖ እንዲያዝ ፈቀደች፤ ሕመምተኛውም ከፋርማሲ ይወስደው ጀመር። ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜ በሄሮይን መጠን መብዛት የሚሞቱት ሰዎች ቍጥር 79 ከመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ በመንገድ ላይ መሸጡ አልቀረም፤ በመርፌ የወሰዱትም ነበሩ። ነገር ግን የዳነው ነፍስ ከጠፋው መድኃኒት ጋራ ሲመዛዘን አገሪቱ ሕክምናውን አልተወችም።

አሜሪካም በ2000 ባወጣችው ሕግና በ2002 ለቡፕሬኖርፊን በሰጠችው ፈቃድ ሐኪሞች በቢሯቸው እንዲያክሙ በር ከፈተች። መጀመሪያ አንድ ሐኪም ከ30 ሕመምተኞች በላይ እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር፤ በኋላ 100፤ በ2016ም 275 ደረሰ፤ በ2022 መጨረሻ ልዩ ፈቃዱ ራሱ ቀረ። በቢሮው ሕክምና ዘበኛና መስኮት ስለሌሉ ሐኪሞች ውል ማስፈረም ጀመሩ። በውሉም ሕመምተኛው በቀጠሮው እንዲመጣ፤ መድኃኒቱን ቈልፎ እንዲያስቀምጥ፤ ከሌላ ሐኪም ተመሳሳይ መድኃኒት እንዳይወስድ፤ ሽንቱን እንዲያስመረምር፤ ሲጠራም የቀረውን ክኒን አምጥቶ እንዲያስቈጥር ይስማማል።

ውሉን ስላፈረሰ ሰው ግን ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ሐኪም ሽንቱ ሁለት ጊዜ ሄሮይን የተገኘበትን ሰው ያባርር ነበር። ይህ ከሌላው ሕክምና ጋራ ሲነጻጸር እንግዳ ነገር ነው፤ የስኳር በሽተኛ ስኳሩ ከፍ አለ ተብሎ ከሐኪም አይባረርምና። የሚያስከትለውም ጕዳት ተለክቷል። በ2017 የታተመ፤ የብዙ አገሮችን ጥናት ያጠቃለለ ሥራ፤ በሜታዶን ሕክምና ላይ ካሉት በዓመት ከ1,000 ሰዎች 11.3፤ ሕክምናውን ከተዉት ግን 36.1 እንደሚሞቱ አሳይቷል። በቡፕሬኖርፊን ደግሞ 4.3 እና 9.5 ነው። በተለይ የሚያሠጋው ከሕክምና ከተወጣ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ወር ነው። እንግዲህ ማባረር ቀላል ቅጣት አይደለም፤ ሐኪሙ ሳያውቀው የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ ሽልማት ከቅጣት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዶክቶር ማክሲን ስቲትዘርና ባልደረቦቻቸው፤ ሽንቱ ንጹሕ ለሆነ ሰው መድኃኒቱን ወደ ቤት የመውሰድ መብት ሲሰጥ ጠባዩ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰልፉን ባስቀረ ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለጸኑት ሕመምተኞች እስከ 28 ቀን የሚሆን ሜታዶን በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ይህም በ2024 ቋሚ ደንብ ሆነ። ለ50 ዓመታት ያህል የማይነካ መስሎ የኖረው የየቀኑ ሰልፍ በግድ ተፈትኖ ሲታይ፤ የተፈራውን ያህል ጥፋት አልደረሰም።

፮. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ለአገራችን ሐኪሞችና ነርሶች የሚጠቅሙ ጥቂት አሳቦች እናቀርባለን።

መጀመሪያ፤ ሁለት ዐይነት ደንቦችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኞቹ ነፍስን የሚጠብቁ ናቸው፤ ማለት መድኃኒቱን ከሕፃናት መቈለፍ፤ ከመጠጥና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋራ አለመቀላቀል፤ ሰክሮ ለመጣ ሰው ያን ዕለት መጠኑን ማዘግየት። እነዚህ አይላሉም። ሁለተኞቹ የቢሮውን ክብር ወይም ምቾት የሚጠብቁ ናቸው፤ ማለት አርፍዶ መምጣት፤ ቀጠሮን መርሳት፤ በቍጣ መናገር። በእነዚህ ምክንያት ሕክምናን ማቋረጥ ግን አይገባም።

ሁለተኛ፤ ጥፋት ሲገኝ መልሱ ሕክምናን መቀነስ ሳይሆን ማቅረብ ነው። ሽንቱ ሄሮይን ወይም ትራማዶል የተገኘበት ሰው ምናልባት መጠኑ አንሶት ይሆናል፤ ቀጠሮው ከወር ወደ ሳምንት ይጠጋ፤ መጠኑም ይመርመር። መድኃኒቱ ጠፋብኝ የሚል ሰው ለጥቂት ጊዜ በዐይን ፊት ይውሰድ። መሸጡ የተረጋገጠበት ሰው ወደ ቤት መውሰዱ ይቅርበት እንጂ መድኃኒቱ አይቅርበት። ነርስን በእጁ ወይም በመሣሪያ ያስፈራራ ሰው ግን በዚያ ቤት ሊታከም ስለማይችል ደብዳቤ ተጽፎለት ወደ ሌላ ሐኪም ይላክ፤ በመንገድ ላይ ግን አይጣል።

ሦስተኛ፤ ውል ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የእኛ ሰው ከተፈረመ ወረቀት ይልቅ ዋስን ያከብራል። በአርሲም የተጣላን በጃርሱማ፤ ማለት በሽማግሌዎች ሸንጎ፤ ማስታረቅ የቈየ ልማድ ነው። ሕመምተኛው ራሱ መርጦ የሚያመጣው አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ ጠባቂ ቢሆን፤ ከሐኪሙ ጋራ ሲጋጭም አስታራቂ ቢሆን፤ ከብዙ ገጽ ውል ይበልጣል። ይህም በሕመምተኛው ፈቃድ ብቻ መሆን አለበት፤ ምሥጢሩ በመንደር ከተዘራ ተመልሶ ይደበቃልና።

አራተኛ፤ ሥርዐቱ የአገሩን ኑሮ ይከተል። በአጨዳ ጊዜ ገበሬ በየቀኑ አይመጣም፤ በረመዳን ወር ጿሚው በቀን ከምላስ ሥር የሚሟሟ መድኃኒት አይወስድም። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ወይም ለሳምንት የሚሆን መስጠት የሚቻል ሲሆን፤ ሰውየውን «አልታዘዝ ባይ» ብሎ መመዝገብ የራስን ደንብ ከበሽታው ማስበለጥ ነው።

መደምደሚያ

በአሰላ ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዛሬ ሐኪሞችን ያስተምራል። ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ ነገ በዴራ ወይም በኢተያ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ፤ ለቀዶ ጥገና የተሰጠውን የሥቃይ ማስታገሻ መተው ያቃተው ሹፌር ወይም ነጋዴ ይመጣበት ይሆናል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚመርጠው ከሁለት ታሪኮች አንዱን ነው። አንደኛው ከ1919 እስከ 1972 የተጻፈው፤ ሕመምተኛውን አስቀድሞ የሚጠረጥር ታሪክ ነው። ሁለተኛው በገዛ አገሩ በአርሲ የተጻፈው፤ «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን የሚጽፍ ታሪክ ነው። በእኛ አስተያየት የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የቱንም ያህል ቢረዝም መስማቱ ይሻላል፤ የሞተ ሰው የሚሰጠው መልስ የለምና።